ሰርቪሱ እስኪመጣ

ሰኞ፣ ማታ

ሐኪሙ ክንዴ ላይ ያሰረውን ጨርቅ ፈታና «ሥራሽ ምንድን ነው?» አለኝ። «የውሃ መሥሪያ ቤት ስልክ አነሳለሁ» አልኩት። «እ…» አለ። ምናልባት እሱም አንድ ቀን ደውሎልኝ ይሆናል። ደም ግፊቴ ለዕድሜዬ ከፍ ብሏል። ጨው ቀንሺ፣ ተኚ፣ አትናደጂ። ጨው መቀነስ እችላለሁ። ንዴቱን ግን ደሞዝ የሚከፈለኝ ለእሱ ነው።

ዛሬ አንዲት ደንበኛ «ሕፃን ልጄን በምን ልጠበው? በምራቄ?» አለችኝ። «እንደፈለግሽ» ብዬ ዘጋሁባት። ካመለጠኝ በኋላ ክው አልኩ። አለቃችን ከኋላዬ ቆሞ ነበር።

ከጎኔ የምትቀመጠው ባልደረባዬ፣ አፏ ስለማያርፍ ሬዲዮ ነው የምንላት፣ ምሳ ላይ ያዘችኝ። «አንቺ ልጅ፣ እንዲህ ሆነሽ አትዘልቂም። ጎህ ሳይቀድ ተነሺ። ፊትሽን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቢ፣ ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ፣ በደንብ ተንፍሺ፣ ጸልዪ። ስልክ እንዳትነኪ። ፀሐይ ስትወጣ አንቺ ሌላ ሰው ነሽ።» «ውሃ ከጠፋስ?» አልኳት። ሳቋን ለቀቀችው። ቆዳዋ ግን እውነትም ያበራል።

ማታ አባባ ሻይ አፈላልኝ። ቀመስኩት፣ ጨው ነው። ጨው በተከለከልኩበት ቀን! ሳቄ መጣ። እሱም አብሮኝ ሳቀ፤ ከዚያ ለምን እንደምስቅ ጠየቀኝ።

ማክሰኞ፣ ንጋት

ተነሳሁ። አሥራ አንድ ሰዓት። ድቅድቅ ጨለማ። ቀዝቃዛው ውሃ ጉድ ነው። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ሐሳቤ ሁሉ ቧንቧ። ጸሎት ጀመርኩና በመሃል «ቅሬታዎን መዝግበናል» ብዬ አሳረግሁ። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ።

ረቡዕ

አልተነሳሁም። ደወሉን ማን እንዳጠፋው አላውቅም። እኔ ነኝ እንጂ ማን ይሆናል።

ሐሙስ፣ ማታ

ዛሬ የሆነውን ሳልጽፍ አልተኛም።

ንጋት ላይ ውሃ ልጠጣ ስወጣ ሳሎን ውስጥ ሰው አለ። መብራት የለም። አባባ መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ኮቱን ለብሶ፣ ቁልፉን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ጫማውን አድርጎ፣ ማሰሪያውን ሳይቀር አጥብቆ አስሮ። ጭኑ ላይ ያ የድሮ ምሳ ዕቃው አለ። ዓይኑ ከመስኮቱ ውጭ ነው። «አባባ፣ ምን ሆነህ ነው?» አልኩት። «እሽሽ…» አለኝ በሹክሹክታ፣ «ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። እንዲህ ያለ ዝምታ በሕይወቴ አላየሁም። አይንቀሳቀስም፣ አያዛጋም። ትንፋሹ እንኳ የተለካ ነው። እኔም ሳላስበው ከእሱ ጋር መተንፈስ ጀመርኩ። ዓይኔን ከደንኩ፣ ጸሎቴም ያለ ቧንቧ ወጣልኝ። ሰማዩ ሲገረጣ እሱ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፣ ተነሳ፣ ኮቱን አውልቆ ወደ አልጋው ተመለሰ።

ቀኑን ሙሉ ይህንን ነው ሳስብ የዋልኩት። አባቴ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ፎርማን ሆኖ ዕድሜውን ሙሉ ጎህ ሳይቀድ ሲነሳ ነው የኖረው፤ እኛ ለፋብሪካው ብቻ መስሎን! ጡረታ ከወጣ ስንት ዘመኑ፣ እማዬም ካረፈች ቆየች፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ ይነሳል። ለካ ነገሩ ሌላ ኖሯል። ደግሞ ያ ምሳ ዕቃ። ከፍቼ አየሁት፣ ባዶ ነው። ባዶ ዕቃ ይዞ ፈጣሪ ፊት መቀመጥን ማን አስተማረው? እኔ በነጠላ ጫማና በሌሊት ልብስ አጠገቡ ስቀመጥ አፈርኩ።

በአንድ ቤት እየኖርን አላወቅሁትም ነበር። ከዛሬ ጀምሮ አስተማሪዬ እሱ ነው።

እሑድ፣ ከሰዓት

ታናሽ ወንድሜ መጥቶ ሄደ። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ እሑድ እሑድ እየመጣ አባባን ይላጨዋል። ምላጭ ነው የምለው፤ ለሥራውም ለምላሱም።

ላጭቶት ሲጨርስ ወጥ ቤት ተከተለኝና በሩን ገፋ አደረገው። «እታለም፣ አባባ ‹የማን ልጅ ነህ?› አለኝ።»

«ፊቱ አረፋ ለብሶ ማንን ይለያል?»

«አረፋው እሱ ፊት ላይ ነው። እኔ ፊት ላይ ምን አለ?»

ወሬ ለመቀየር የጠዋቱን ጸሎት ነገርኩት። ከዚያ «ለብሶ ነው የሚቀመጠው? ጫማ አድርጎ?» አለ። «አዎ፣ እንደሚገባ ለብሶ» አልኩ። ፊቱን በእጁ አሻሸ። «እታለም፣ ይህ ሰውዬ አንድ ቀን ወጥቶ ይጠፋል። አንቺ ቀን ሙሉ ሥራ ላይ ነሽ። የታች ቤቷ ልብስ ሰፊ ብቅ እያለች ብታየውም ሌት ተቀን አትጠብቀውም። አንድ ነገር ከሆነ እወስደዋለሁ፤ እንዳትቀየሚኝ።»

ከሥራ ዕቃው መሃል መቀርቀሪያ አወጣ። ከበሩ አናት ላይ የሚመታ፣ አባባ እጁ የማይደርስበት። ገዝቶ ነው የመጣው! አስቦበት ነው የመጣው! «አባቴን እንደ በግ አልቆልፍበትም» አልኩት። ተቀብዬ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት።

ይወስደዋል? የት ያስቀምጠዋል? ልጆቹ አልጋ ላይ? እኔስ ይህን ቤት ብቻዬን ምን አደርገዋለሁ?

ማክሰኞ፣ ንጋት

አብረን። ዝናብ ነበር። አባባ ጃንጥላውን ይዞ ተቀመጠ፣ ቤት ውስጥ! ሳቄን ዋጥኩ። አየኝና በትሕትና «አንቺም ከዚህ ነው የምትሳፈሪው?» አለኝ። ሲቀልድ ደስ ይለኛል። «አዎ» አልኩት። ጠጋ አለልኝ። ጥሩ ጠዋት።

ዓርብ፣ ማታ

ደም ግፊቴ ወርዷል! ሐኪሙ እየደጋገመ ለካው። «ምን አደረግሽ?» «በጠዋት መነሳት ጀመርኩ፣ ከአባቴ ጋር።» አለቃችን ደግሞ «ድምፅሽ ተለውጧል» አለኝ። እውነት ነው። ዛሬ አንድ ሽማግሌ ቧንቧቸው ጭቃ እንደሚተፋ እያለቃቀሱ ሲነግሩኝ እስከ መጨረሻው አዳመጥኳቸው። ድሮ ቢሆን በመሃል «ቁጥርዎን ይንገሩኝ» ብዬ እቆርጣቸው ነበር።

ሬዲዮ ነገሩን ለቢሮው ሁሉ ዘርታለች። የአባባ ስም ከአለቃው ስም በላይ ይነሳል። የሒሳብ ክፍሏ ሴትዮ «ልጄ ፈተና አለበት፣ አባትሽ ያስቡልኝ» ብላ ብርቱካን ላከች። ሰጠሁት። አንዷን ለእኔ፣ ሌሎቹን ምሳ ዕቃው ውስጥ አስቀመጠ። «ለልጆቹ አካፍላቸዋለሁ» አለ። የትኞቹን ልጆች ነው ብዬ አልጠየቅሁም። ለተቸገረ ይሆናል።

ደረጃው ላይ ልብስ ሰፊዋ ለጎረቤት ስታወራ ሰማኋት። «ትናንት ደግሞ የሦስተኛ ፎቁን በር እያንኳኩ ‹ቁልፉ እንቢ አለኝ› ይላሉ። እጃቸውን ይዤ መለስኳቸው፣ አንጀቴን በሉት።» ሳል አልኩ፣ ዝም አሉ። ፎቁ እንደሆነ ሁሉም በሩ አንድ ዓይነት ነው። እኔም ተሳስቼ አውቃለሁ።

መቼ ነበር የተሳሳትኩት? እንጃ። ይሆናል።

ቅዳሜ፣ ረፋድ

ቆሽቴ አሯል።

ሬዲዮ ስትለምነኝ ሰነበተች፤ «አንድ ቀን ከአባትሽ ጋር ልቀመጥ» እያለች። ዛሬ በጨለማ መጣች፣ ምንጣፍ በብብቷ ይዛ፣ እያዛጋች። አባባ ከወንበሩ ተነስቶ እጅ ነሳት። «አዲስ ነሽ?» አላት። «አዎ አባ» አለችው። «አይዞሽ፣ ትለምጃለሽ።» ሬዲዮ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሦስታችንም ተቀመጥን። ሬዲዮ ዝም ስትል ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

ሊነጋጋ ሲል ተነስታ ወጣች፣ እስከ ደረጃው ሸኘኋት። እዚያ ቆመችና የምንጣፏን ጠርዝ ስታፍተለትል ቆየች።

«እንዲያው አትቀየሚኝና… አባትሽ ሰው ይጠብቃሉ እንዴ?»

«ፈጣሪን ነዋ!»

«እሱማ ልክ ነሽ። ግን መኪና ባለፈ ቁጥር ብድግ ይላሉ። ምሳ ዕቃቸውን ያዝ አድርገው ብድግ፣ ከዚያ ሲያልፍ ቁጭ።»

«አንቺ ዓይንሽን ከድነሽ መጸለይ ሲገባሽ አባቴን ስትሰልይ ነበር?»

«ልሰልል ብዬ አይደለም፤ ወንበሩ ሲንቋቋ ጊዜ ነው። አንቺ አትሰሚውም?»

«ሂጂ» አልኳት። «ውጪልኝ።» እውነትም ወጣች። ስትወርድ ጫማዋን እንኳ በወጉ አላጠለቀችም።

ምን ነገር ነው! ራሷ ተነሺ አለችኝ፣ ራሷ መጥታ ታበላሽብኛለች። ዓይኗን ባትገልጥ ኖሮ ጥሩ ጠዋት ነበር። እኔ ሁልጊዜ ከድኜ ነው የምቀመጠው። ወንበሩ ደግሞ አሮጌ ነው፣ ዝም ብሎም ይንቋቋል።

ሰኞ

ከሬዲዮ ጋር አንነጋገርም። ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ እሷ ለደንበኛ ስታወራ ለእኔ የምትነግረኝ ይመስለኛል።

ጠዋት አባባ «እህቴ፣ ሰዓት ስንት ሆነ?» አለኝ። እህቴ። እንቅልፍ ላይ ነበር ገና። ማለቴ ነቅቶ ነበር፣ ግን ጨለማ ነው፣ ፊቴ አይታይም።

ለምላጭ አልነገርኩትም። ቢሰማ ነገውኑ ነው የሚወስደው።

ማክሰኞ፣ ማታ

ጉድ ፈላ። ዋናው የውሃ መስመር ፈነዳ። ከተማው ግማሹ ደረቀ፣ ግማሹ ተጥለቀለቀ። ሁሉም የሚደውለው ለእኔ ነው። ደረቁም ይሰድበኛል፣ እርጥቡም ይሰድበኛል። ፈረቃ የለም፣ እስኪጠገን ሁላችንም እንቆያለን ተባለ። ልብስ ሰፊዋ ለአባባ እራት ሰጥታ አስተኛችልኝ።

ከመናገር ብዛት ድምፄ ተዘጋ። ሬዲዮ ሳትናገር ሙቅ ውሃ አስቀመጠችልኝ። ጠጣሁት። አመሰግናለሁ አላልኩም።

ረቡዕ

ጠዋት ተነሳሁ ግን ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ አባባ በሩ አጠገብ ቆሟል፣ እጁ እጀታው ላይ። «ወዴት ነው?» «ቆየ እኮ» አለኝ። እጁን ይዤ አስቀመጥኩት። እየሮጥኩ ወጣሁ፣ ረፈደብኝ።

ማታ። እንደለበስኩ ነኝ። እግሬ የእኔ አይመስለኝም። ደወሉን ሞልቼው ይሆን? ነገ አየዋለሁ

ሐሙስ

አባባ የለም። ፀሐይ ወጥታለች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አልጋው ቀዝቅዟል። ምላጭ እየመጣ ነው። አምላኬ። አምላኬ አደራህን።

ዓርብ፣ ማታ

ልጻፈው። ካልጻፍኩት ለራሴ ሌላ ታሪክ እነግረዋለሁ። ይህ ችሎታ እንዳለኝ አሁን አውቄያለሁ።

ምላጭ የመጣው ከሱቁ ነው፤ ደንበኛውን ግማሽ ፀጉር ላይ ትቶ፣ ማበጠሪያው ኪሱ ውስጥ። በሩ ላይ ቆሞ ወደ ላይ አየ፣ መቀርቀሪያው ሊመታበት የነበረውን ቦታ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ወደ ፋብሪካው ነው የሄደው» አለ።

«ፋብሪካው ፈርሷል! ለጸሎት ነው የወጣው። እኔ አውቀዋለሁ፣ በየጠዋቱ አብሬው የምቀመጥ እኔ ነኝ።»

«እታለም…»

«እኔ አውቀዋለሁ አልኩህ!»

እሱ ወደ ፋብሪካው ሄደ። እኔ ልብስ ሰፊዋን፣ የሦስተኛ ፎቁን ሰውዬ፣ ደውዬ ያስመጣኋትን ሬዲዮን ይዤ ሰው ለጸሎት የሚሄድበትን ቦታ ሁሉ አዳረስኩ። ደውዬ ሳለቅስባት «መጣሁ» ብቻ ነው ያለችኝ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ቂሙን ያስቀድም ነበር። በየበሩ «ረጅም ሽማግሌ፣ ኮት የለበሰ፣ ዝምተኛ» እያልኩ። የተንበረከኩትን ሽማግሌዎች ፊት ጎንበስ እያልኩ አየሁ። አንዱ ተቆጡኝ። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። ምላጭ ደወለ፤ ፋብሪካው ቦታ ላይ የብረት አጥርና ሣር ብቻ ነው ያለው፣ ማንም የለም።

ያኔ ለፖሊስ ደወልኩ። ያነሳችው ሴት ድምፅ የእኔው ድምፅ ነው። ያው ድካም፣ ያው ልማድ። «የጠፋው ሰው ምን ለብሶ ወጣ?» ኮት። «ጫማ?» አድርጓል፣ ማሰሪያውን አስሮ። «የያዘው ነገር አለ?» ምሳ ዕቃ።

«ወደ ሥራ ሲሄድ ነው ማለት ነው?» አለች። የምትሞላው ቅጽ አለባት፣ ለመሙላት ነው የጠየቀችኝ።

መንገድ ዳር ነኝ፣ መኪና ይጮሃል። ኮት፣ ጫማ፣ ምሳ ዕቃ። ደጋግሜ ያየሁትን ለማላውቃት ሴት በሦስት ቃል ስነግራት ነው የሰማሁት። «አዎ» አልኳት። «ወደ ሥራ ሲሄድ ነው።» ስልኩን ዘጋሁና ሮጥኩ።

የፋብሪካው ሰርቪስ ሠራተኛውን የሚጭነው ከሰፈራችን ጫፍ ካለው መጋዘን ማዕዘን ነበር። ምላጭ ሊያውቀው አይችልም፣ ያኔ ገና ሕፃን ነው። የማውቀው እኔ ነኝ። አባባ ምሳ ዕቃውን ረስቶ ሲወጣ እማዬ እኔን ነበር የምትልከኝ፤ በጨለማ እየሮጥኩ፣ ሰርቪሱ ሞተሩን አስነስቶ ሳለ በመስኮት አቀብለው ነበር። በዚህ ዓለም ላይ ያቺን ማዕዘን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ፣ እኔ ደግሞ ግማሽ ቀን ሙሉ የሚጸልይ ሰው ሳገላብጥ ዋልኩ።

መጋዘኑ አሁን የጫማ መደብር ሆኗል። አባባ እመስታወቱ ፊት ቆሟል፣ ፀሐይ ፊት ለፊት። ኮቱ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ አንገቱ ቀልቷል። የመደብሩ ሻጭ ወንበር አውጥታለታለች፣ ወንበሩ ግን አጠገቡ ባዶውን ቆሟል። «ለመንኳቸው» አለችኝ፣ «ከተቀመጥኩ ያልፈኛል ይላሉ። ውሃም እንቢ አሉ።»

አጠገቡ ቆምኩ። አየኝ። ፊቱ ፈካ አለ።

«አረፈድሽ» አለኝ። «እሱም ዛሬ አረፈደ። ፎርማን ካረፈደ ልጆቹ ምን ይላሉ?» ምሳ ዕቃውን ከፈተና አሳየኝ። ብርቱካኖቹ ጠውልገዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልነካቸውም፤ ለልጆቹ ነው።

አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሱ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳርፎ «አይዞሽ፣ ይመጣል» ይለኛል። ይመጣል። እንግዲህ ያ ሁሉ ዝምታ ይህ ነበር። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ሰላም ስሸምት፣ እሱ በየጠዋቱ መኪናው አልፎት እየቀረ ነበር። ረጅሙ ትንፋሽ የጸሎት መዝጊያ መስሎኝ!

ሐኪም ቤት እግሩ አብጦ ጫማውን በመቀስ ቆርጠው ነው ያወለቁለት። ሰውነቱ ውሃ ጨርሷል፣ ፈሳሽ በደም ሥሩ ሰጡት። ምላጭ ከሕክምናው በቀጥታ ወደ ቤቱ ወሰደው። አልተከራከርኩም። ልብሱን ሳጣጥፍ ምላጭ መሳቢያውን ከፈተ፣ መቀርቀሪያውን አየ፣ መልሶ ዘጋው።

ሰኞ፣ ንጋት

ደወል ሳይኖር ነቃሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ወንበሩ ባዶ ነው። ሬዲዮ እንዳለችው ተነፈስኩ። አልሆነም። አንድ መኪና አለፈ፤ ብድግ አልኩ።

ሐሙስ፣ ማታ

ምላጭ ስልክ ደወለ። ድምፁ ተዳክሟል። «እታለም፣ ዛሬም ጎረቤቱ ሁሉ ተነሳ። በሩን በጡጫ እየመታ ‹ክፈቱልኝ፣ ሰው ይጠብቀኛል› ይላል። ቆልፌበታለሁ። ትንሿ ልጄ ሽንቷ አመለጣት። ሚስቴ ምንም አልተናገረችም፣ ግን ስታለቅስ ሰማኋት። እጁ ቆስሏል። መቀርቀሪያው… በመቀርቀሪያው ልክ አልነበርኩም።»

«ልክ ነበርክ እንጂ። ቢኖር አይጠፋም ነበር።»

«ኖሮ እየገደለው ነው።»

በሕይወታችን ተስማምተን ዝም ስንል የመጀመሪያችን ይመስለኛል።

«ያቺ መኪናህ ትነሳለች?» አልኩት።

«ስትገፋ።»

«ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እኔ በር አጠገብ ጡሩምባ ትነፋለህ?»

ገባው። «እናታልለው ነው የምትዪኝ?»

«አይደለም። በጊዜው እናሳፍረው ነው የምልህ። ስንት ጠዋት ቀረበት።»

እሑድ፣ ማታ

አባባ ተመልሷል። ምላጭ ራሱ ደግፎ ደረጃውን አወጣው። «በአንድ ነገር» አለኝ፣ «ከእንግዲህ ያየሽውን ትነግሪኛለሽ።» እሺ አልኩ። ማልኩለት።

አለቃችን ከሰዓት ፈረቃ ሰጠኝ። ሬዲዮ ናት የራሷን የለቀቀችልኝ። ይቅርታ ልጠይቃት ጀምሬ አፌ ተሳሰረ። «ተይው ባክሽ» አለችኝ፣ «ቀን ሙሉ ለቧንቧ የሚያለቅስ ስሰማ ውዬ ያንቺ ይከብደኛል?» ሁለታችንም ሳቅን፣ ከዚያ እኔ ብቻዬን አለቀስኩ።

ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ወደ እኛ ሳሎን አወጣች። «መስፋት እዚህም እዚያም ያው ነው» አለች። ከሰዓት አባባ መኪናዋ ስትንኳኳ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይዞራታል፤ ስፌቷን ጎንበስ ብሎ ያያል። «ክሩ ላልቷል» ይላታል። ታጠብቀዋለች።

ሐኪሙ ደም ግፊቴ እንደገና ከፍ ብሏል አለ። ምን ላድርግ? አልደነቀኝም።

ማክሰኞ፣ ረፋድ

ተነሳን። አባባ ፊቱን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠበ፣ እኔም። ኮቱን አለበስኩት፣ ማሰሪያውን አሰርኩለት፤ አዲሱ ጫማ ሰፊ ነው። ምሳ ዕቃው ዛሬ ባዶ አይደለም። ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል አለበት፣ አዲስ ብርቱካንም ለልጆቹ። መስኮቱ ጋ ተቀመጥን። ጸለይኩ፣ ግን ዓይኔን አልከደንኩም። አንድ መኪና አለፈ፣ ብድግ አለ፣ አብሬው ብድግ አልኩ። የእኛ አይደለም። ተቀመጥን። ወንበሩ ይንቋቋል፣ እውነትም። እንዴት ሳልሰማው ኖርኩ?

ምላጭ ዘገየ። ያቺ ጉድ መኪና እንቢ ብላው ይሆናል። አባባ ጉልበቱን ይነካካ ጀመር፣ ትንፋሹ አጠረ። «ይመጣል» አልኩት። «ይመጣል» አለኝ።

ጡሩምባ።

እንዴት ብዬ ልጻፈው? ፊቱን ብቻ ማየት ነበር። ያ ረጅም ትንፋሽ አልመጣም። ተነሳ፣ ኮቱን በእጁ ጎተት ጎተት አደረገ፣ ደረጃውን እኔን ቀድሞ ወረደ። ውጭው ገና ጨለማ ነው። ምላጭ ከመሪው ጀርባ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፣ ከየት እንዳመጣው እንጃ ኮፍያ አድርጓል። «እንደምን አደሩ ፎርማን» አለው። ድምፁ ተሰበረበት፣ ግን አለው።

አባባ በሩን ከፈተና ከፊት ገባ። ምሳ ዕቃውን ጭኑ ላይ አስተካከለ። እኔ ጠርዙ ላይ ቆሜያለሁ። ልግባ አልግባ አላውቅም፤ ሰርቪሱ የእሱ ነው።

ወደ እኔ ዞር አለ። አየኝ። ለረጅም ጊዜ ነው ያየኝ፤ ስሜን እየፈለገ እንደሆነ አውቃለሁ፣ እንዳላገኘውም አውቃለሁ። ከዚያ ወደ ሾፌሩ ተመለሰ።

«ይቺንም ልጅ አሳፍራት» አለው። «በየጠዋቱ አብራኝ ነው የምትጠብቀው።»

ገባሁ።